የወርቅ ናኖ ምሰሶ ያላት የሰርስ ቺፕ፦ ሁለት ፓኬት ሞክሬ ያየሁት

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። ቺፗ ትሰራለች፣ በጣም ትሰራለች፣ ግን ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው "ይሄን ያህል ጊዜ ያጎላል" የሚለው ቁጥር ለስራችሁ ትሁን አትሁን ምንም አይነግራችሁም፣ እና የመጀመሪያው ፓኬቴ ተበላሽቶ ነው የመጣልኝ። የድርጅቱን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም የምለው ነገር እንዲህ አይነት ቺፕ ለሚገዛ ሁሉ ይሆናል፣ ከማንም ይግዛ።

ለማታውቋት፣ ሰርስ (SERS) ማለት ሞለኪውል ሌዘር ሲበራበት የሚበትነውን ደካማ ብርሃን ናኖ መጠን ባለው ብረት ማጉላት ነው፣ ቺፗም ለዚሁ የተሰራች ከጣት ጥፍር ያነሰች የሲሊከን ቁራጭ ናት። ወርቅ አለባት ቢሏችሁ አታምኑም፣ በዓይን ስትታይ ጠቆር ያለች ነገር ናት፣ ምክንያቱም ፊቷ ላይ እንደ ሳር ጥቅጥቅ ብለው የቆሙ በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ምሰሶዎች አሉ፣ ጫፍ ጫፋቸው ወርቅ ለብሷል፣ እና የሚመጣውን ብርሃን እዛው ይውጡታል። ጠብታ ናሙና ታደርጉባታላችሁ፣ ይደርቃል፣ ሌዘር ታበሩባታላችሁ፣ ናሙናው ውስጥ ያለው ኬሚካል የራሱን የፒክ (ግራፉ ላይ ሹል ብሎ የሚወጣ ጫፍ) አሻራ ይሰጣችኋል። ነገሩ በአጭሩ ይሄ ነው።

የኔ ስራ ውሃ ውስጥና የፍራፍሬ ልጣጭ ላይ የቀረ ፀረ ተባይ መፈለግ ነው። ዋናው መሳሪያችን ክሮማቶግራፊ ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር ነው፣ ኬሚካሎቹን ለያይቶ በክብደታቸው የሚያውቃቸው ማለት ነው፣ እሱ አንጀት ያርሳል፣ ግን ወረፋው ረጅም ነው፣ ናሙና ማዘጋጀቱም ጊዜ ይበላል፣ ስለዚህ ቀድሞ "ይሄ ናሙና ያጠራጥራል፣ ይሄ ይለፍ" ብሎ የሚለይልኝ ፈጣን ነገር ፈልጌ ነው። ራማን መሳሪያ አለን፣ ሌዘር አብርቶ ሞለኪውሉ ቀለሙን ቀይሮ የሚበትነውን ብርሃን የሚለካ፣ ግን ራማን ብቻውን ለዚህ ስራ አቅም የለውም። ስሙ የወጣለት ፊዚሲስት ራማን ራሱ ነገሩን ካሳየበት ከ1928 ጀምሮ የሚታወቅ ችግር ነው፣ ሞለኪውል ላይ አርፎ ከሚበተነው ብርሃን ውስጥ ቀለሙን ቀይሮ የሚመለሰው ከአስር ሚሊዮን ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) አንድ ገደማ ቢሆን ነው። ንጹህ ዱቄት ስትለኩ ምንም አይደል፣ ፒኩ ቁጭ ይላል፣ በሊትር ማይክሮግራም የሚቆጠር ነገር ውሃ ውስጥ ስትፈልጉ ግን ወፍ የለም።

እዚህ ላይ ነው ብረቱ የሚገባው። ወርቅና ብር በናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ደረጃ ሲሆኑ ላያቸው ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከሚመጣው ብርሃን ጋር አብረው ይወዛወዛሉ፣ ፕላዝሞን የሚሉት ይሄን ነው፣ እና በሁለት ብረቶች መካከል ያለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ የብርሃኑ ሜዳ (የኤሌክትሪክ ጉልበቱ) ክምችት ይሆናል። የራማን ሲግናል ደግሞ የሚያድገው በሜዳው ልክ አይደለም፣ በግምት በአራተኛ ፓወሩ ነው። ማለትም ክፍተቷ ውስጥ ሜዳው 10 ጊዜ ቢያድግ ሲግናሉ 10 ሺህ ጊዜ፣ 30 ጊዜ ቢያድግ ከ800 ሺህ ጊዜ በላይ ይሆናል ማለት ነው። መጀመሪያ ይሄን ሂሳብ ወረቀት ላይ ስሰራው ደስ ያለኝን እስካሁን አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም ለምን ትንሽ የቅርጽ ለውጥ ሲግናሉን እንዲህ ሰማይና ምድር እንደሚያደርገው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መዘዙም ከዛው ነው የሚመጣው፣ ክፍተቷ በአንድ ናኖሜትር ስትሰፋ ወይ ስትጠብ ሁሉ ነገር ይለወጣል።

የዚች ቺፕ ብልሃት ምሰሶዎቹ ተለያይተው ቆመው መምጣታቸው ነው። ጠብታው ሲደርቅ የፈሳሹ የገጽ ውጥረት ምሰሶዎቹን እርስ በርስ ይጎትታቸውና ጫፎቻቸው ሶስትም አራትም ሆነው ተደጋግፈው ይቀራሉ፣ ክፍተቶቹ በዛ ሰዓት ይፈጠራሉ፣ ፈሳሹ ውስጥ የነበረው ሞለኪውልም ጫፍና ጫፍ ሲገናኙ መሃል ላይ ይያዛል። ይሄን አልጠበቅኩም ነበር፣ እና የመጀመሪያ ቀን ተጣድፌ ጠብታው ሳይደርቅ ለክቼ ምንም ሳጣ ቺፗ አትሰራም ብዬ ነበር። በማይክሮስኮፑ እያየሁ ጠበቅኩ፣ የውሃው ጠርዝ ቀስ እያለ ወደ መሃል ተሰበሰበ፣ ያለፈበት ቦታ ቀለሙ ትንሽ ተቀየረ፣ የተቀየረው ቦታ ላይ ሌዘሩን አሳረፍኩና ሲግናሉ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ እጄን በአፌ ነው ያስጫነኝ። ከጎኑ ገና እርጥብ የነበረው ቦታ ባዶ ነበር። አንዴ የተደገፉ ምሰሶዎች መልሰው አይቆሙም፣ ስለዚህ አንድ ቺፕ አንድ ጊዜ ነው፣ አጥቤ ደግሜ እጠቀማለሁ ብላችሁ አትልፉ።

አሁን ወደ ተበላሸው ፓኬት። ፓኬቱ ሲመጣ ታሽጎ ነበር፣ ከረጢቱ ናይትሮጅን ተሞልቶ ይመጣል ነው የሚሉት፣ ይሄኛው ግን ልፍስፍስ ብሎ ነበር፣ እኔም አላስተዋልኩትም። ቀጥታ ናሙና ልጨምር ፒፔቱን ሳነሳ የላቡ ኃላፊያችን ከኋላዬ መጥተው "ባዶውን ለክተሻል?" አሉኝ። አልለካሁም አልኳቸው። "እንግዲያ የምታይው ነገር የማን እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?" ብለው ሄዱ። እውነታቸውን ነው። ምንም ያልነካትን ቺፕ ለካሁ፣ ጉዱ ያኔ ወጣ፣ 1350 እና 1580 ዌቭነምበር (የራማን ግራፍ አግድም መለኪያ) አካባቢ ሁለት ሰፋፊ ጉብታዎች፣ የካርቦን ቆሻሻ ማለት ነው፣ በላዩ ላይ ደግሞ ምንነታቸውን ያላወቅኳቸው ሹል ሹል ፒኮች። ሶስት ቺፕ ሞከርኩ፣ ሶስቱም ያው። ወርቅ ቆሻሻ ይወዳል፣ አየር ላይ ያለ ሽታ፣ ከፕላስቲክ የሚወጣ ነገር፣ ጓንት ላይ ያለ ነገር፣ ሁሉም ይለጠፍበታል፣ ቺፗ ደግሞ ስራዋ ትንሽ ነገር ማጉላት ስለሆነ ቆሻሻውንም አብራ አጉልታ ታሳያችኋለች። ያን ቀን ባዶውን ሳልለካ ብቀጥል ኖሮ ከነዛ ሹል ፒኮች አንዱን ፀረ ተባይ ነው ብዬ ሪፖርት አደርግ ነበር፣ ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል፣ ምክንያቱም በዛ ሪፖርት የሰው ምርት ይጣላል።

ለድርጅቱ ስፔክትረሙን (የፒኮቹን ግራፍ) አያይዤ ጻፍኩላቸው። መጀመሪያ "አያያዛችሁ ላይ ችግር ይኖራል" አይነት መልስ ሰጡኝ፣ አናደደኝ፣ ከረጢቱን ፎቶ አንስቼ የሎት ቁጥሩን (ቺፖቹ አብረው የተመረቱበትን ዙር) ጨምሬ መልሼ ስጽፍ ግን ሳይከራከሩ ሌላ ላኩ። አገልግሎታቸውን መጥፎ አልለውም፣ ግን የመጀመሪያው መልስ እንደዛ መሆን አልነበረበትም።

ሁለተኛው ፓኬት ሌላ ነገር ነው። ባዶው ጸጥ ያለ ነበር፣ ትንሽ የካርቦን ጉብታ አለችው፣ እሷ ሁሌም አትጠፋም። መሳሪያውን በተለየ የሲሊከን ቁራጭ 520.7 ዌቭነምበር ላይ አስተካከልኩ፣ 785 ናኖሜትር ሌዘር፣ ኃይሉን ከ1 ሚሊዋት በታች አድርጌ። ይሄን ኃይል ነገር ችላ አትበሉት፣ ክፍተቶቹ ብርሃን ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ነው የሚሰበስቡት፣ ኃይሉን ከፍ ሳደርገው ዓይኔ እያየ የናሙናዬ ፒክ ወርዶ የካርቦኑ ጉብታ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ያ ማለት ሞለኪውሉን ጠበስኩት ማለት ነው። እና አረንጓዴ ሌዘር ብቻ ያላችሁ ሰዎች የወርቅ ቺፕ ባትገዙ ይሻላል፣ ወርቅ በ532 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃኑን ራሱ እየዋጠ ያባክነዋል፣ ለዛ ሌዘር ብር ነው የሚሆነው።

መጀመሪያ በመርካፕቶቤንዞይክ አሲድ ሞከርኳት። እሱ ላይ ሰልፈር ስላለው ወርቅ ላይ ሙጭጭ ይላል፣ 1078 እና 1587 አካባቢ ሁለት ግልጽ ፒክ ይሰጣል፣ ለመፈተኛ ደስ የሚል ነገር ነው። ወጣ፣ ችግር የለም። ግን እንዲህ ያለ ሞለኪውል ላይ መስራቷ ብዙ አያስመካም፣ ወርቅ የሚወደውን ነገር ሰጥቶ ማሞገስ ቀላል ነው፣ ብሮሹሮቹ ላይ የምታዩት ሁሉ እንደዚህ አይነት ነው፣ ወይ ደግሞ ሮዳሚን የመሰለ ራሱ ሲግናሉ ጠንካራ የሆነ ማቅለሚያ።

ቀጥሎ ቲራም። ቲራም ዘርና ፍራፍሬን ከፈንገስ ለመከላከል የሚረጭ ነው፣ መሃሉ ላይ ሰልፈር ከሰልፈር የተያያዘበት ቦንድ አለው፣ ወርቁ ጋ ሲደርስ ያ ቦንድ ይሰበርና ሁለቱም ግማሽ በሰልፈሩ በኩል ይለጠፋል፣ 1380 አካባቢ ከሁሉም ጎልቶ የሚወጣ ፒክ አለው። ንጹህ ውሃ ውስጥ ጨምሬ ቀስ በቀስ እያቀጠንኩ ሄድኩ፣ ከራማን ብቻው ጋር ሲወዳደር የት አባቱ፣ ያለ ቺፗ ምንም የማይታይበት መጠን ላይ 1380 ቁልጭ ብሎ ቆሞ ነበር። እዚህ ላይ ኮከቡን ሁሉ እሰጣታለሁ።

የፍራፍሬ ልጣጭ ላይ ስንመጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ልጣጩን በሜታኖል አጥቤ ያንኑ ብጨምርባት ሰፊ ዳገት የመሰለ ባክግራውንድ ብቻ መጣ፣ ሰሙ፣ ቀለሙ፣ ስኳሩ ወርቁን ቀድመው ያዙት፣ ቲራም መቀመጫ አጣ። ይሄ የቺፗ ጥፋት አይደለም፣ የሰርስ ባህርይ ነው፣ ጉላቱ የሚሰራው ብረቱን ተጠግቶ ላለ ሞለኪውል ነው፣ ጥቂት ናኖሜትር ራቅ ካለ ምንም ነው። ስለዚህ ማጣራት፣ ማቅጠን፣ ማጽዳት የግድ ነው፣ "ናሙና ሳያዘጋጁ በቀጥታ" የሚለውን ማስታወቂያ አትመኑ። አጣርቼ አስር እጥፍ ሳቀጥነው፣ የሚገርመው፣ ፒኩ ወጣ። ቲራሙ ቀንሶ ሲግናሉ ጨመረ፣ ምክንያቱም ተሻሚው ከሱ በላይ ነበር የቀነሰው። ይሄን ማንም ማኑዋል ላይ አልጻፈልኝም፣ ሶስት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ለእናንተ ይድረሳችሁ።

ግላይፎሴት የሚሉት የአረም ማጥፊያ ላይ ደግሞ ጭራሽ አልሆነላትም። ሞለኪውሉ ራሱ ራማን ላይ ደካማ ነው፣ ወርቅንም እምብዛም አይጠጋም፣ ስለዚህ ቺፗ ምንም ያህል ብታጎላ የምታጎላው ነገር አልደረሳትም። የምትፈልጉት ኬሚካል ሰልፈር ወይ ናይትሮጅን በሚመች ቦታ ከሌለው ሳትገዙ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር። መቶ ሚሊዮን ጊዜ ያጎላል ይላል። እሺ፣ በምን ተቆጥሮ? የጉላት ቁጥር ማለት ቺፗ ላይ ያለው ሲግናል ለአንድ ሞለኪውል፣ ሲካፈል ያለ ቺፕ ያለው ሲግናል ለአንድ ሞለኪውል ነው። ሲግናሉን መለካት ቀላል ነው፣ ስንት ሞለኪውል ሌዘሩ ስር አለ የሚለው ነው ሰውን የሚያሳስተው። ሰርስ ራሱ የተወለደው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው እኮ። በ1974 ፍላይሽማን፣ ሄንድራና ማክኪላን ፒሪዲን የሚባል ኬሚካልን በተሸካከረ የብር ኤሌክትሮድ ላይ ለክተው ኃይለኛ ሲግናል ሲያገኙ ላዩ ስለሸከረ ብዙ ሞለኪውል ያዘ ነው ያሉት። በ1977 ዣንሜርና ቫን ዳይን በአንድ ወገን፣ አልብረክትና ክሬይተን በሌላ ወገን ሂሳቡን ሰርተው አይ፣ የላይ ስፋት መጨመር ይሄን ሁሉ አያመጣም፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል ራሱ ነው የጎላው አሉ። ያው የዛሬም ካርቶን ላይ ያለው ቁጥር የሚቆመውና የሚወድቀው ሞለኪውሎቹ በተቆጠሩበት መንገድ ነው፣ የሞለኪውሎቹን ብዛት በመቶ እጥፍ አሳንሶ የገመተ ሰው ቁጥሩን በመቶ እጥፍ አሳደገ ማለት ነው። አቆጣጠሩን ብጠይቃቸው አንድ ገጽ ላኩልኝ፣ ጥሩ ገጽ ነው፣ ግን ቁጥሩ ምርጧ ነጥብ ላይ የተለካ ነው፣ አማካይ አይደለም።

ይሄ ለምን ያናድደኛል? በ2008 የታተመ በብር የተሸፈኑ ናኖ ኳሶች ላይ የተሰራ ጥናት አለ፣ ጉላታቸው ከቢሊዮን በላይ የሆኑት ቦታዎች ከሚሊዮን ቦታ 63ቱ ብቻ ነበሩ፣ ከጠቅላላው ሲግናል ግን 24 በመቶውን የሰጡት እነሱ ናቸው። እስቲ አስቡት። ምርጧን ነጥብ ለክቶ ካርቶን ላይ መጻፍ ከአንድ ሙሉ ማሳ አንዲቱን ትልቅ ዛላ ቆርጦ "አዝመራችን ይሄን ያህላል" እንደማለት ነው። እኔን የሚያስፈልገኝ ነጥብ ከነጥብ፣ ቺፕ ከቺፕ ምን ያህል ይለያያል የሚለው ነው፣ እሱን ካላወቅኩ ፒኩ ቀነሰ ስል ቲራሙ ቀንሶ ይሁን ነጥቡ ደክሞ ይሁን አላውቅም።

ስለዚህ አንድ ቺፕ ላይ በመስመር 40 ነጥብ ለካሁ። ውጤቱ ሁለት መልክ አለው። ናሙናውን በጠብታ ያስቀመጥኩበት ቺፕ ላይ ጠርዙ ከመሃሉ እጅግ ይበልጣል፣ ጠብታ ሲደርቅ ያለውን ነገር ሁሉ ወደ ዳር እየገፋ ቀለበት ይሰራል፣ ያፈሰሳችሁት ቡና ደርቆ የሚተወውን ክብ አስቡት። ይሄ የኔ እጅ ያመጣው ነው። ቺፗን ናሙናው ውስጥ አንድ ሰዓት ነክሬ፣ አውጥቼ፣ በንጹህ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ ሳደርቃት ግን 40ዎቹ ነጥቦች ሲደራረቡ አንድ መስመር ሊመስሉ ምንም አልቀራቸው፣ እዚህ ላይ ከልቤ አደነቅኳቸው፣ አሰራሩ ንጹህ ነው። ከቺፕ ወደ ቺፕም ጥሩ ነው። ከሎት ወደ ሎት ግን ልዩነት አለ፣ መጠን ለመናገር የምትፈልጉ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሎት ካሊብሬሽን (በታወቀ መጠን ፒኩን ማመሳከር) መስራት ይኖርባችኋል፣ ወይ ደግሞ የታወቀ ሞለኪውል እኩል እኩል ጨምራችሁ የሁለቱን ፒክ ንጽጽር ውሰዱ፣ እኔ አሁን የማደርገው ሁለተኛውን ነው።

ራሳችን ከምንሰራው የብር ኮሎይድ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ከተንሳፈፉ የብር ናኖ ቅንጣቶች ጋርስ? ሲልቨር ናይትሬት አፍልቶ ሲትሬት ጨምሮ ለአንድ ሰዓት ማፍላት፣ ከ1982 ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚሰራው ነው፣ ግራጫ አረንጓዴ ፈሳሽ ይሆናል፣ ትንሽ ጨው ስትጨምሩበት ናኖዎቹ ይጠጋጉና ክፍተት ይፈጠራል። ብር ከወርቅ በላይ ያጎላል፣ ኮሎይዱም ርካሽ ነው፣ ጥሩ ቀን ላይ ከዚች ቺፕ የበለጠ ሲግናል ሰጥቶኛል። ጥሩ ቀን ላይ ነው ግን ያልኩት። የዛሬው ጠርሙስ ከትላንቱ አይገጥምም፣ ጨው ከጨመራችሁ በኋላ ደቂቃ በደቂቃ እየተለወጠ ሄዶ መጨረሻ ላይ ይዘቅጣል፣ እና ያፈላው ሰው እጅ ሁሉ ውጤቱ ላይ ይታያል። ለመማርና ለመሞከር ኮሎይድ፣ ሰው ለሚፈርምበት ውጤት ቺፕ፣ እኔ እንደዛ ነው የከፈልኩት። ያው ድርጅት የብር ቺፕም አለው፣ አንድ ሞክሬያለሁ፣ ሲግናሉ ጠንካራ ነው፣ ግን ከረጢቱን ከከፈትኩ በኋላ በቀናት ውስጥ ደከመ፣ ብር አየር ላይ ያለች ጥቂት ሰልፈር እንኳ ታጠቁረዋለች። የብሩን የምትገዙ ከሆነ በከፈታችሁበት ቀን ጨርሱት።

አያያዝ ላይ፣ በብረት ወረንጦ ጠርዟን ብቻ ያዙ፣ ፊቷን አንዴ ከነካችሁ ያ ቦታ አለቀ። ማሸጊያው ውስጥ ቺፖቹ የተቀመጡበት ማጣበቂያ ጠንካራ ነው፣ ሳላቅቅ አንዷ በርራ በፊቷ ወድቃብኛለች፣ ይሄን ቢያስተካክሉት ጥሩ ነው።

ከሁለተኛው ፓኬት አንድ ቺፕ ቀርታኛለች፣ ለንጽጽር ብዬ ሳልጠቀምባት አስቀምጫታለሁ። ሶስተኛውን አዝዣለሁ፣ ትዕዛዙ ላይ አንድ ነገር ጨምሬ ጻፍኩላቸው፣ የሎቱን ባዶ ስፔክትረም እና የ40 ነጥብ ውጤት አትማችሁ ከፓኬቱ ጋር ላኩልኝ፣ የጉላት ቁጥሩን ተዉት። እሺ ብለዋል። ሲደርሰኝ ከረጢቱ መነፋቱን አይቼ፣ አንዷን አውጥቼ ባዶዋን ለክቼ፣ በነሱ ላይ ደርቤ አየዋለሁ።